በሀበሻ ነው በፈረንጅ?



የአሮጌ መኪና ሰዓት ሲቆም በመጀመሪያ የሚታማው ባትሪው ነው። ሐሜቱ ግማሽ እውነት አለው። በ1960ዎቹ በነበሩት መርሰዲሶች ዳሽቦርድ ላይ የምናየው ሰዓት በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄድ አይደለም፤ የሚያንቀሳቅሰው እንደ ድሮው የእጅ ሰዓት ትንሽ ሞላ ነው። ሞላው በየጥቂት ደቂቃው ሲላላ ከሞተሩ ፑንቲና ጋር የሚመሳሰሉ ሁለት ነጥቦች ይነካካሉ፤ ኤሌክትሮማግኔቱ «ጠቅ» ብሎ ሞላውን መልሶ ያጠብቀዋል፤ ነጥቦቹም ይለያያሉ። ባትሪው ሲደክም ግን ማግኔቱ ሞላውን ለማጥበቅ ኃይል ያጣል፤ ነጥቦቹ እንደተነካኩ ይቀራሉ፤ ይግላሉ፤ ይጠቁራሉ። ከዚያ ወዲያ አዲስ ባትሪ ቢገባም ሰዓቱ ዝም ነው።

ይህን ያወቅሁት በሰንበት ትምህርት ቤታችን ሁላችን «አባባ» የምንላቸው አዛውንት ሰዓታቸውን ነቅዬ ወደ ፒያሳ እንድወስድላቸው ባዘዙኝ ጊዜ ነው። ዓይናቸው ስለደከመ መኪናቸውን ለልጃቸው ሊያስረክቡ ነበር። ልጁ «ስልክ እያለ ይህ ሰዓት ምን ያደርጋል?» ይላል። እርሳቸው ግን «ዲያቆን፣ ሰዓቱ ሳይሄድ ቁልፉን አልሰጥም» አሉኝ።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ በፒያሳ የምናውቃቸው ብዙ ሱቆች ተነሥተዋል። ቢሆንም ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቁ ጠረጴዛቸውን የዘረጉ አንድ ሰዓት ሠሪ አገኘሁ። ክዳኑን ከፍተው አዩና «ውስጡን አውጥቼ ኳርትዝ ልክተትበት?» አሉ። ምክሩ የሚናቅ አይደለም፤ ኳርትዝ ርካሽ ነው፤ ጊዜም አያዛባም። ነገር ግን የአባባ ሰዓት ከነድምፁ ነውና የነበረው እንዲጠገን ለመንኋቸው። የደረቀውን ዘይት በቤንዚን አጠቡ፤ የጠቆሩትን ነጥቦች እጅግ በላመ የብርጭቆ ወረቀት ጠረጉ፤ የተቃጠለውን ቀጭን ሽቦ ቀየሩ። ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። እኔም ትንፋሼን ውጬ ቆሜ አየሁ፤ በዩኒቨርሲቲ ከምናየው የቤተ ሙከራ ሥራ ይልቅ ይህ ደስ ይላል።

ሲጨርሱ ቀና ብለው «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብለው ጠየቁኝ።

በገጹ ላይ ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ አጭሩን ዘንግ ግማሽ ዙር ማዞር ብቻ ነው። ተወዳጆች ሆይ፣ በጸሎት መጽሐፋችን ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሠለስት ማለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት ሰዓት ነው። ቀትር ስድስት ሰዓት ነው፤ ጌታችን የተሰቀለበት። ተሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ነፍሱን በፈቃዱ የሰጠበት፤ ረቡዕና ዓርብ እስከዚያ የምንጾመውም ስለዚህ ነው። ለእነዚህ ሰዓታት እኛ ትርጓሜ አያስፈልገንም፤ በእጃችን ላይ ያለው ሰዓትና በወንጌል የተጻፈው ሰዓት አንድ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ባለው የወይን አትክልት ምሳሌ በአሥራ አንድ ሰዓት ስለተቀጠሩት ሠራተኞች ስንሰማ አንድ የአራዳ ሕፃን እንኳ ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት እንደቀራት ያውቃል። በስልኩ ላይ የፈረንጅ ሰዓት ብቻ የሚያይ ወጣት ግን አሥራ አንድ ሲባል ወይ ረፋዱ ወይ ሌሊቱ ይመጣበታል። እኛ የዚህ ዘመን ልጆች ሁለቱን እያቀላቀልን እንኖራለን፤ ለፈተና በአንዱ፣ ለቅዳሴ በሌላው። ይህን እንደ ቀላል ነገር ማየት አልችልም።

«በሀበሻ» አልኋቸው።

አባባ ሰዓቱን በእጃቸው ይዘው ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። ልጃቸው «አባዬ፣ ለማን ነው ይህ ሁሉ?» ሲላቸው «እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነኝ፤ አንተ ገና ረፋድህ ነው» ብለው ቁልፉን ሰጡት።

በማግሥቱ ዓርብ ነበር። ልጁ እየነዳ ሁላችንንም ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደን። አባባ ከኋላ ወንበር «ለዘጠኝ ስንት ቀረው?» ብለው ጠየቁ። ልጁ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ዳሽቦርዱ ላይ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ግን ቀና ብሎ አየና «ሃያ ደቂቃ» አላቸው።