ስፌት ይዞ ወደ ሐረር

ሐረር ጀጎል ውስጥ ከአንድ ነባር የሐረሪ ቤት የገባ እንግዳ፣ ጫማውን አውልቆ ቀና ሲል በመጀመሪያ የሚያየው ግድግዳውን ነው። በቀይ አፈር የተለቀለቁት አምስቱ መደቦች፣ ሐረሪዎች «ነደባ» የሚሏቸው፣ የየራሳቸው ማዕረግ አላቸው፤ ማን በየትኛው እንደሚቀመጥ ባለቤቶቹ ያውቁታል፤ እንግዳም ተቀመጥ በተባለበት ይቀመጣል። ግድግዳው ግን ለሁሉም እኩል ይታያል። ከፊሉ ከባሕር ማዶ በመጡ ሳህኖችና ትሪዎች፣ ከፊሉ ደግሞ በስፌት ሥራ ተሸፍኗል።

እኛ ወደዚህች ከተማ የሄድነው በሸዋል ወር ነበር። ከዒድ አል ፊጥር በኋላ ያሉት ስድስት ቀናት ተጹመው የሚከበረው የሸዋሊድ በዓል በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው ሐረሪዎች ለረጅም ዘመን ሲያከብሩት ከኖሩ በኋላ ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የታጠረው ጀጎልም በ1998 ዓ.ም. ከዓለም ቅርሶች ተቆጥሯል። ስለ መስጊዶቹና ስለ በሮቹ ብዙ ስለተጻፈ እዚህ አንደግመውም። እኛን የያዘን የግድግዳው ነገር ነው።

በገባንባቸው ቤቶች አንድ ነገር አስተዋልን። ስለ ሳህን ስንጠይቅ መልሱ የሚያጥር ሆነ፤ ከድሬዳዋ ነው የተገዛው፣ ከጅዳ ነው የመጣው ይሉናል። ስለ ስፌት ስንጠይቅ ግን ወሬው ይረዝማል። ይህን አክስቴ ለኒካሔ ሰፍታልኝ ነው፤ ያንን ጎረቤታችን ናት፣ አሁን በሕይወት የለችም፤ ያቺ ትንሿ የልጄ የመጀመሪያ ሥራ ናት፣ ጠማማ ናት አይደል? ከስፌቶቹ መካከል ሙሽራዋ ለባሏ እናት የምትሰጠው «ሐማት ሞት» ይባላል። አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ስሙን ሲሰማ ሊደነግጥ ይችላል፤ በሐረሪ ቋንቋ ግን «ሞት» ማለት ስፌቱ ነውና ለአማቶች የሚያሰጋ ነገር የለውም።

አብሮን የተጓዘው የሥራ ባልደረባችን የወሎ ልጅ ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይማር በነበረበት ጊዜ የአንድ ሐረሪ ጓደኛው እናት በየዕረፍት ቀኑ እያበሉ እንደ ልጃቸው ይዘውት ነበር። አሁን ያ ጓደኛው ሊያገባ ነው። የባልደረባችን እናትም «ልጄን በሰው አገር ላበላችልኝ» ብለው በእጃቸው የሰፉትን ክዳን ያለው ሙዳይ በነጠላ ጠቅልለው ልከዋል። ልጁ ግን መንገዱን ሙሉ ተጨነቀ። ስፌት ይዞ ሐረር መግባት! በስፌት ስሙ ለወጣ ከተማ የገጠር ሙዳይ ምን ሊባል ነው? ፈረስ መጋላ ስንደርስ ሙዳዩን ከሻንጣው ሳያወጣ ፔርሙዝ ሊገዛ ዋጋ መጠየቅ ጀመረ።

ይህን ጭንቀት ከተማሪዎቻችንም እንሰማዋለን። ዒድ ሲቃረብ፣ ሠርግ ሲደርስ፣ በእጅ የተሠራ ነገር ይዞ መሄድ «የሌለው ሰው» ያስመስላል ብለው የሚያፍሩ ወጣቶች በርካታ ናቸው። ሳጥኑ የሚያብረቀርቅ፣ የፋብሪካ ስም ያለበት ነገር ያስከብራል ይላሉ። ሰው ሲጠይቅ «ከየት ገዛኸው?» ማለቱ፣ «ማን ሠራልህ?» አለማለቱ ነገሩን ሳያባብሰው አልቀረም።

ለባልደረባችን ያስታወስነው ሰህል ኢብን ሰዕድ (ረ.ዐ.) ያወሩትንና ቡኻሪ የዘገቡትን ታሪክ ነው። አንዲት ሴት በእጇ የሸመነችውን ኩታ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ይዛ ትመጣለች፤ ያለበሰቻቸውም ራሷ የሠራችውን መሆኑን ትናገራለች። እሳቸውም ያስፈልጋቸው ስለነበር ተቀብለው ለበሱት። አንድ ሶሐባ አይቶት ስላማረው ቢለምናቸው አውልቀው ሰጡት። ሰዎች ሲወቅሱት የፈለገው ለከፈኑ እንደሆነ ተናገረ፤ ሲሞትም በዚያው ተከፈነ። ሴትየዋ ሥራውን የእጇ ስለመሆኑ አልደበቀችም፤ እንዲያውም ያስቀደመችው እሱን ነው። በሌላ ሐዲስም ጎረቤት የጎረቤቷን ስጦታ የበግ ሸኮና እንኳ ቢሆን እንዳትንቅ ተመክራለች። ዑለሞች ይህ ምክር ለተቀባይዋ ብቻ ሳይሆን «ትንሽ ነው» ብላ ከመስጠት ለምትቀር ሰጪም ጭምር እንደሆነ ያስረዳሉ።

ባልደረባችን አዳመጠን፤ ፔርሙዙን ግን ገዛው። ሁለቱንም ይዞ ገባ።

የሙሽራው እናት ፔርሙዙን አመስግነው ከጎናቸው አስቀመጡት። ሙዳዩን ሲቀበሉ ግን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞር አሉ። ክዳኑን ከፈቱ፤ ገለበጡት፤ ከሥር ያለውን የስፌቱን መነሻ በጣታቸው ዳሰሱ። ላይ ላዩንማ ገዢም ያየዋል፤ ከሥር የሚያየው የሚሰፋ ሰው ነው። «እናትህ መነሻውን ጥብቅ አድርገው ነው የያዙት፤ ስንት ወር ፈጀባቸው?» አሉ። ልጁ አያውቅም። «ልጆች አትጠይቁም» ብለው ሳቁ።

እንግዲህ ነገሩን በሚዛን ለማየት፣ በእጅ የተሠራ ሁሉ በቦታው ነው አንልም። ተቀባዩ የማይለብሰውን ልብስ ልኩን ሳይጠይቁ ሰፍቶ መስጠት፣ ጤናው ጣፋጭ ለሚከለክለው ሰው የቤት ሐልዋ መውሰድ፣ አስቸጋሪ ነው። በችኮላ ተሠርቶ የሚፈታ ነገርም «የእጄ ነው» ስለተባለ ብቻ አይከበርም። ከሁሉ በላይ እኛ መምህራን የምንጠነቀቅበት አንድ ጉዳይ አለ፦ ፈተና ሳይታረም የሚመጣ ስጦታ። ዘካ እንዲሰበስብ ተልኮ «ይህ ለእናንተ፣ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠኝ» ያለውን ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በአባቱና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደነበር በመጠየቅ ነው የገሠጹት። እናት በሌሊት ተነስታ የጋገረችው ዳቦ ቢሆንም፣ ልጇን ወደምናርምበት ጠረጴዛ ሲመጣ በምስጋና እንመልሰዋለን። መመለሱ ከባድ ነው፤ ዳቦው ገና ትኩስ ሲሆን በተለይ።

ሌላው እውነት ደግሞ ጊዜ ነው። አክርማና ስንደዶ ቀጥፎ፣ አድርቆ፣ ቀለም ነክሮ፣ በወስፌ እየወጉ አንድ ትልቅ ስፌት መጨረስ ወራት ይወስዳል። ትምህርትና ሥራ ያላት የዛሬ ሙሽራ ይህን ሁሉ ራሷ ካልሰፋች ብሎ መውቀስ ተገቢ አይመስለንም። ገንዘብ ከፍላ ለምታውቃት ባለሙያ ብታሰፋ አንዲት ቤት ትተዳደርበታለች፤ ብቻ በሰው እጅ የተሠራውን «የእኔ ሥራ ነው» አትበል።

ቡናው ተጠጥቶ ልንወጣ ስንል እመቤቲቱ ወደ ጓዳ ገብተው ቆዩ። የሙሽራው ጓደኛ ባዶ እጁን አይሄድምና የተዘጋጀ ነገር እንዳለ ገምተናል፤ ጣፋጭና የቡና ከረጢት መጣ። ከዚያ በላይ ግን በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ለልጁ ሰጡት። ቀለም የተነከረ ስንደዶ ነበር፤ ቀይና አረንጓዴ፣ አንድ ትልቅ እቅፍ።

«ለእናትህ ነው» አሉት። «ያንተ ሠርግ ሲደርስ በዚህ ይጀምሩ፤ የጎደለውን ይላኩብኝ።»