ፏፏቴውና ወፏ

ባለፈው ዓመት በጥናት ክበባችን ስብሰባ ላይ አንድ ጓዳችን ተነሥቶ ሒስ አቀረበብን። «ወገን በመከራ ላይ ሳለ እናንተ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ካሜራ አንጠልጥላችሁ የወፍና የፏፏቴ ፎቶግራፍ ለማንሣት ጫካ ትገባላችሁ፤ ይህ የደላው ሰው ጨዋታ ነው» አለን። በዚያች ሰዓት የሚያጠግብ መልስ አልነበረንም። ሒሱ ከቅን ልብ የመነጨ መሆኑን ስለምናውቅ አልተቆጣንም፤ ሆኖም አልተዋጠልንም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ እኩሌታው መልስ፣ እኩሌታው ግለ ሒስ ነው።

እኛ አራት ነን። አራታችንም በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የምንከታተል ስንሆን፣ ብዕሩን የያዘው የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ነው። ያለን ካሜራ አንድ፣ እርሱም ከሌላ ሰው እጅ የገዛነው ኒኮን ነው፤ በየተራ እንይዘዋለን። ከከተማው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ፣ የኮሎምቢያን ወንዝ ተከትለን ስንሄድ የማልትኖማን ፏፏቴ እናገኛለን። ውሃው ከ189 ሜትር ከፍታ በሁለት እርከን ይወርዳል። ከታችኛው እርከን በላይ እ.ኤ.አ. በ1914 የተሠራ ድልድይ አለ፤ አገር ጎብኚው ሁሉ የሚቆመው በዚያ ነው። እኛም ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን እንያያዘዋለን፤ ከላይ ካለው ጅረት ዘንድ የምትጠብቀን አንዲት ወፍ አለችና።

ወፏ አመድማ ናት፤ ጌጥ የላትም። «ጠላቂዋ» ብለን ስም አወጣንላት። በሚወርደው ውሃ መካከል ካለ ድንጋይ ላይ ቆማ ደጋግማ ብድግ ቁጭ ትላለች፤ ከዚያም ጭልጥ ብላ ትጠልቅና በውሃው ሥር በእግሯ እየተራመደች ትላትል ትለቅማለች። ዐይኗን ስትጨፍን የቆቧ ነጭ ላባ ብልጭ ይላል። ጎጆዋን ከፏፏቴ ጀርባ፣ ጠላት ከማይደርስበት ስፍራ እስከ መሥራት ትደርሳለች። ሌሎች ወፎች ብርዱን ሸሽተው ወደ ደቡብ ሲነጉዱ፣ እርስዋ ውሃው እስካልረጋ ድረስ ከጅረቷ አትነቃነቅም።

ፏፏቴንና ወፍን በአንድ ፎቶግራፍ ማንሣት ቀላል ሥራ መስሎን ነበር። የካሜራው መዝጊያ አንድ ሰከንድ ሙሉ ክፍት ከሆነ ውሃው እንደ ነጭ ሐር ይለሰልሳል፤ ዐይን ይማርካል፤ ወፏ ግን ብድግ ቁጭ ስትል ትጠፋለች፤ ብትገኝም ጭስ ትመስላለች። የሰከንድ አንድ ሺኛ ያህል ብቻ ከተከፈተ ደግሞ የወፏ ላባ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ውሃው ግን የመስተዋት ስብርባሪ ይሆናል፤ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ሁለቱም ፎቶግራፎች አልዋሹም፤ ሁለቱም ግን ጎደሎ ናቸው።

ግለ ሒሳችን የሚጀምረው ከዚህ ነው። እኛ በስደት ያለን ተማሪዎች አገራችንን የምናየው አብዛኛውን ጊዜ መዝጊያውን ለረዥም ጊዜ ከፍተን ነው። በየመግለጫችን «ሕዝቡ» እንላለን፤ «ሂደቱ» እንላለን፤ ታሪክ እንደ ሐር ተለስልሶ ሲፈስ ይታየናል። በውስጡ ብድግ ቁጭ የምትለዋ አንዲት ነፍስ ግን የለችም። አለዚያም ከስልካችን ላይ አንድ የተቃጠለ ቤት፣ አንድ የወደቀ ሰው አይተን እንቆጣለን፤ ከየት እንደ መጣ ሳንመረምር ወደሚቀጥለው እናልፋለን።

ፎቶግራፍ ከጨዋታ ያለፈ ነገር መሆኑን ያስተማረን ግን ዛሬ የሌለ ፏፏቴ ነው። በዚያው ወንዝ ወደ ምሥራቅ ስንዘልቅ ሴላይሎ የሚባል ስፍራ አለ። የአገሩ ነባር ሕዝቦች በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ከፏፏቴው አፋፍ ላይ የእንጨት መቆሚያ ዘርግተው፣ ሽቅብ የሚዘልለውን ሳልሞን በመረብ ይይዙበት ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 1957 የዳልስ ግድብ በሮች ተዘጉና ፏፏቴው በሰዓታት ውስጥ ተዋጠ። ዛሬ ከዚያ ብንቆም የምናየው የረጋ ውሃ ብቻ ነው። ነገር ግን ፎቶግራፎች ቀርተዋል። መረቡ፣ ገመዱ፣ የዓሣ አጥማጁ የተወጠረ ክንድ ሁሉ ይታያል። ኪሳራው ምን ያህል እንደ ነበረ «አንዳች አልነበረም» ለሚል ሰው ማስረጃ ሆነው ይቆማሉ።

ከሴላይሎ ስንመለስ ከመካከላችን የባሕር ዳሩ ልጅ ዝም አለ። ጢስ ዓባይን እያሰበ ነበር። ከ40 ሜትር በላይ ቁመት ያለው፣ በክረምት ሙላት ወርዱ እስከ 400 ሜትር የሚሰፋው ያ ፏፏቴ፣ ከበላዩ ውሃው ለኤሌክትሪክ ኃይል ተጠልፏል፤ የመጀመሪያው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ትልቁ ሁለተኛው ደግሞ በ2001 ሥራ ጀመሩ። ጓዳችን በልጅነቱ በበጋ ያየው ገደል ላይ የተንጠለጠለ ቀጭን ክር ነበር። የአባቱ ጢስ ዓባይና የእርሱ ጢስ ዓባይ አንድ አልነበሩም። ሙሉውን ያወቀው ከኪሱ ነው፤ በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ፏፏቴውና ወፎች ነበሩና። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ሆኖም መብራት አያስፈልግም አንልም፤ እኛም በመብራት ያጠናን ነን። የምንለው፣ ወንዝ ሲጠለፍ ምን እንደ ተገኘና ምን እንደ ታጣ የሚመሰክር ዐይን ያስፈልጋል ነው።

ይኸው ጓዳችን በ2015 ዓ.ም. ክረምት ከማልትኖማ ድልድይ ላይ ቆሞ አነሣነው። እኛ የተጨነቅነው ለውሃው ልስላሴ ስለ ነበር መዝጊያውን አስረዘምነው። ፎቶግራፉን ባሕር ዳር ላሉት እናቱ ላከላቸው። እርሳቸውም፣ «ፏፏቴው ደስ ይላል ልጄ፤ አንተ ግን የታለህ?» አሉት። ደግመን ስናየው እውነታቸውን ነው፤ ብርዱ ሲያወዛውዘው ኖሮ ከድልድዩ ላይ ጭጋግ ሆኖ ቀርቷል። በሳምንቱ ተመልሰን፣ ውሃው እንዳሻው ይሁን ብለን፣ መዝጊያውን አሳጥረን እርሱን አነሣነው። ነገር ግን ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ፎቶግራፉ ለወራት ሳይደርሳቸው ቆየ። በመጨረሻ አንድ ዘመድ አሳትሞ ወሰደላቸው። በስልክ የሰጡት መልስ ይህ ነበር፦ «አሁን ዐየሁህ። ከስተሃል።»

እኒህ እናት ከእኛ የተሻሉ ተመልካች ናቸው። በዚያ ሁሉ ውሃ መካከል የፈለጉት አንድ ሰው ነው፤ ሲያገኙትም መክሳቱን ዐወቁ። የፖለቲካ ሳይንስ በስንት መጽሐፍ ሊያስተምረን የሚደክመው ይህንኑ ነው።

ለጓዳችን ሒስ መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው። የደላው ሰው ጨዋታ ሆኖ የጀመረ ነገር መሆኑን አንክድም። ነገር ግን አንዲት አመድማ ወፍ እስክትረጋ ድረስ ሁለት ሰዓት በብርድ መቆምን ያልለመደ ዐይን፣ ከሩቅ ሆኖ የአንድን ሰው መክሳት ያያል ብለን አናምንም። የሚመጣው ቅዳሜ ካሜራውን የመያዝ ተራው የእርሱ ይሁን። ወፍራም ካፖርት ግን አይርሳ።