የአፍ ወለምታና የተቆለፈው መሳቢያ

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላሉ አበው። እግር ወለም ቢለው ወጌሻ አለ፤ ከአፍ ሾልኮ ለወጣ ቃል ግን ወጌሻ የለውም። እንግሊዞች ለዚሁ ወለምታ መድኃኒት አገኘን ያሉበት ዘመን ነበር። መድኃኒታቸው ሳቅ ነበር፤ የሚታደለውም በቴሌቪዥን ነበር። ተዋናይ ቃለ ተውኔቱ ሲጠፋበት፣ ዜና አንባቢ ምላሱ ሲተሳሰርበት፣ የመድረኩ በር አልከፈት ብሎ ጀግናው ውጭ ሲቀር፣ ካሜራው የቀዳውና አዘጋጁ ቆርጦ የጣለው ቁራጭ ተሰብስቦ ራሱን የቻለ መዝናኛ ይሆን ነበር። ዛሬ ስለ እነዚህ የድሮ ዝግጅቶች ልጽፍ የተነሣሁት ስለሚናፍቁኝ ነው። ነገር ግን ናፍቆቴን እንዲሁ በጥሬው አልቀበለውም። ከሳቁ በስተጀርባ፣ አንድ ተቋም ከስህተቱ የትኛውን ለሕዝብ እንደሚያሳይና የትኛውን እንደሚደብቅ የሚያስተምር ቁም ነገር አለና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ዓይነቱ ዝግጅት በብሪታንያ ሥር የሰደደው በመስከረም 1977 በአይቲቪ በተላለፈው «ኢትል ቢ ኦልራይት ኦን ዘ ናይት» በተሰኘው ፕሮግራም ነው። ስያሜው የቲያትር ሰዎች አባባል ነው፤ ልምምዱ ሲበላሽባቸው «ግድ የለም፣ በዕለቱ ይሰምራል» እየተባባሉ የሚጽናኑበት። አቅራቢው ዴኒስ ኖርደን ይባላል። ከ1948 ጀምሮ ከባልደረባው ከፍራንክ ሙር ጋር ለቢቢሲ ሬዲዮ የቀልድ ድርሰት ይጽፍ የነበረ፣ ቁመተ ረጅም፣ መነጽር ያደረገ፣ የወረቀት ሰሌዳ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። እስከ 2006 ድረስ ለሠላሳ ዓመታት ያህል በዚያች ሰሌዳና በዚያ ረጋ ያለ አነጋገሩ ያንኑ ሥራ ሠራ። ቁራጮቹ ከእርሱ በፊትም ነበሩ። በ1970ዎቹ የቢቢሲ የቪዲዮ ክፍል ባለሙያዎች ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን ግድፈት ለገና ግብዣቸው እየቀጣጠሉ ለራሳቸው ይስቁበት ነበር። የእነ ኖርደን ፈንታ የጓዳውን ሳቅ ወደ ሳሎን ማውጣት ሆነ።

ቢቢሲም ወደ ኋላ አልቀረም። ከ1991 እስከ 2001 ድረስ አየርላንዳዊው ቴሪ ዎጋን ያቀርበው የነበረው ፕሮግራም «አንቲስ ብሉመርስ» ይባል ነበር። ስሙ ቅኔ አለው። «አንቲ» ማለትም አክስት፣ ሕዝቡ ለቢቢሲ ያወጣላት የቁልምጫ ስም ናት፤ እንደ አክስት ትመክራለች፣ እንደ አክስት ትቆጣለች። «ብሉመር» ሰሙ የድሮ ሴቶች ሰፊ የውስጥ ሱሪ፣ ወርቁ ደግሞ ስህተት ነው። እንግዲህ የፕሮግራሙ ስም «የአክስቴ ሙታንታ» እንደማለት ነው። አንድ የአገር ብሔራዊ ማሰራጫ ገመናውን ራሱ ገመድ ላይ አስጥቶ፣ ተሰብሰቡና ሳቁብኝ ማለቱ ነበር።

እኔ እነዚህን ዝግጅቶች ያወቅኋቸው በ2000ዎቹ አጋማሽ፣ ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ብሪታንያ በነበርኩባቸው ዓመታት፣ ዘመናቸው ሊያበቃ ሲል ነው። የኖርደንን የመጨረሻ ዝግጅቶች በቴሌቪዥን፣ የቀሩትን ደግሞ በበጎ አድራጎት ሱቆች በርካሽ ከሚሸጡ የቪዲዮ ካሴቶች ተመለከትኩ። ያከራዩኝ አዛውንት እመቤት ከጎኔ ተቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር። እኔም እስቅ ነበር፤ ግን ከሳቁ ጋር አንድ መገረም ነበረብኝ።

መገረሜ ካደግሁበት ዘመን የመጣ ነው። እኔ ሕፃን ሆኜ ቴሌቪዥን የማውቀው በደርግ ዘመን ነው። የዜናው መጀመሪያ ሁሌም አንድ ሰው ነበር፤ ስሙም ብቻውን አይጠራም። የፓርቲው ዋና ጸሐፊነት፣ የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንትነት፣ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥነት ሳይዛነፍ በየተራው መደርደር ነበረበት። እኛ ሕፃናቱ ያንን ማዕርግ እንደ ዳዊት በቃላችን ይዘነው ነበር። ዜና አንባቢው አንዷን ቢዘልስ ብለን የምናስበው በሹክሹክታ ነበር። በዚያ ስቱዲዮ ውስጥ የምላስ ወለምታ የሥነ ልሳን ጉዳይ ሳይሆን የታማኝነት ጥያቄ ሊሆን ይችል ነበር። ከዚያ ዓለም ለመጣ ሰው፣ ዜና አንባቢ ተሳስቶ በሳቅ ሲፈነዳና ያው ሰው በማግስቱ ክራቫቱን አስሮ ሲቀመጥ ማየት ትንሽ ነገር አይደለም። ዴሞክራሲ በተግባር ምን እንደሚመስል ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ያ ክራቫት ነገረኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የኖርደን ሳቅ ደግሞ የራሱ ወግ ነበረው። በወደቀ ሰው ላይ አይዘባበትም፤ የወደቀውን ሰው ወደ እኛ ያቀርበዋል። ለዚህ ልዝብነት ምክንያት ይሆን ብዬ የማስበው አንድ የሕይወት ታሪኩ አለ። ኖርደን ለንደን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ሲሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብሪታንያ አየር ኃይል አገልግሏል። በ1945 ለወታደሮች ለሚያቀርቡት ትርዒት የመድረክ መብራት ፍለጋ፣ በኋላ ዝነኛ ከሆነው ኮሜዲያን ከኤሪክ ሳይክስ ጋር በአቅራቢያቸው ወዳለ የእስረኞች ካምፕ ሄዱ። ካምፑ በቅርቡ ነፃ የወጣው በርገን ቤልሰን ነበር። ከጓዶቻቸው ምግብ አሰባስበው ለተራቡት አደሉ። የሰው ልጅ ክፋት እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ በዓይኑ ያየ ሰው፣ ቀሪ ዘመኑን በትንንሽ ስህተቶች ላይ በርኅራኄ ለመሳቅ ሰጠው። ስህተትና ወንጀል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከእርሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ቁም ነገሩ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። ተቋማት ይህን ልዩነት ያውቁታልን?

በብሪታንያ እጅግ ከሚታወሱት የቴሌቪዥን ግድፈቶች አንዱ «ብሉ ፒተር» በተሰኘው የቢቢሲ የሕፃናት ፕሮግራም በ1969 የታየው ነው። ሉሉ የተባለች የዝሆን ግልገል ወደ ስቱዲዮ ትገባለች፤ በወለሉ ላይ ትጸዳዳለች፤ ጠባቂዋን እየጎተተች በዚያው እዳሪ ላይ ታንሸራትተዋለች፤ ጆን ኖክስና ባልደረቦቹም የፕሮግራሙን ወግ እንጠብቅ እያሉ ይፍጨረጨራሉ። ብዙ ሰው በቀጥታ የተላለፈ ይመስለዋል። አይደለም፤ ቀድሞ የተቀረጸ ነበር። አዘጋጆቹ ቆርጠው መጣል ይችሉ ነበር፤ አልጣሉትም። ያን ቀን ለብሪታንያ ሕፃናት የተነገራቸው ነገር፣ አዋቂዎችም ነገር ይበላሽባቸዋል፣ ሲበላሽም ሥራው አይቋረጥም የሚል ነበር። እኔ የምናፍቀው ይህን ነው።

ሆኖም ከ37 ዓመታት በኋላ፣ በኅዳር 2006፣ ያው «ብሉ ፒተር» ሌላ ግድፈት ገጠመው። ሕፃናት ስልክ እየደወሉ የሚሳተፉበት ውድድር ነበር፤ የደዋዮቹን መስመር የሚቀበለው መሣሪያ ተበላሸ። አዘጋጆቹ «ይቅርታ፣ ስልኩ ተበላሽቷል» ማለት ሲችሉ፣ ስቱዲዮ ሊጎበኙ ከመጡት መካከል አንድ ልጅ ደዋይ መስሎ እንዲመልስና አሸናፊ እንዲባል አደረጉ። ነገሩ በመጋቢት 2007 ተጋለጠ፤ ተቆጣጣሪው አካል ኦፍኮም በዚያው ዓመት 50,000 ፓውንድ ቀጣ። ሁለቱን እናነጻጽር። የዝሆኗ እዳሪ ተላለፈ፤ የተበላሸው ስልክ ተደበቀ። ለምን? ዝሆኗ ፕሮግራሙን የበለጠ ተወዳጅ ታደርገዋለች፤ ስልኩ ግን በብዙ ሺህ ሕፃናት ፊት ቃሉን እንዳልጠበቀ ያሳያል። ተቋም የሚያስቅበትን ስህተት ያሳያል፤ ተጠያቂ የሚያደርገውን ይሸሽጋል። አክስት ገመድ ላይ ያሰጣችው የታጠበውን ሙታንታ ብቻ ነበር ማለት ነው።

የተሸሸገው ግን የተበላሸ ስልክ ብቻ ቢሆን ምንኛ በወደድኩ። በዚያ የሳቅ ዘመን የቴሌቪዥኑ ዓለም ትልቅ ስም ከነበራቸው ሰዎች አንዱ ስቱዋርት ሆል ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ «ኢትስ ኤ ኖክአውት» በተባለው የጨዋታ ውድድር ላይ ሳቁን መቆጣጠር እያቃተው ሲንፈራፈር፣ አገሩ ሁሉ ከእርሱ ጋር ይስቅ ነበር። ይህ ሰው በ2013 ለአሥርተ ዓመታት በልጃገረዶች ላይ የፈጸመውን ጾታዊ ጥቃት በፍርድ ቤት አምኖ ታሰረ። ከእርሱ የከፋው ደግሞ የሕፃናትን ምኞት እሞላለሁ በሚለው ፕሮግራሙ ከ1975 እስከ 1994 በቢቢሲ የነገሠው ጂሚ ሳቪል ነው። በጥቅምት 2011 በክብር ሞተ። በዚያው ዓመት የቢቢሲው «ኒውስናይት» ስለ ወንጀሉ የጀመረው ምርመራ ሳይተላለፍ ቀረ፤ ለገና ግን የመታሰቢያ ዝግጅት ተላለፈለት። እውነቱን በጥቅምት 2012 ለሕዝብ ያወጣው ተፎካካሪው አይቲቪ ነበር። በዳኛዋ በዴም ጃኔት ስሚዝ የተመራውና በየካቲት 2016 ይፋ የሆነው ምርመራ፣ ሳቪል ከቢቢሲ ሥራው ጋር በተያያዘ 72 ሰዎችን ማጥቃቱን አረጋገጠ። ሠራተኞች ዝነኞቹን ለመንካት ይፈሩ እንደነበርም ገለጠ።

እንግዲህ በአንድ ጣራ ሥር ሁለት መሳቢያዎች ነበሩ። የአንደኛው ይዘት በየዓመቱ ተመርጦ፣ በሙዚቃ ታጅቦ፣ በዎጋን ጨዋታ ይከፈታል። ሁለተኛው ተቆልፎ ነበር። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ለመሸፈን ታስቦ ተከፈተ አልልም፤ ያንን የሚያስብል ማስረጃ የለም። የምለው ይህ ነው፤ ትንሹን ስህተቱን በፈገግታ የሚያሳይ ተቋም ትልቁንም የሚናገር ይመስላል። እኛ ተመልካቾቹ «እነዚህ ሰዎች ምንም አይደብቁም» ብለን እናምናለን። እምነቱ ደግሞ ለሚደብቅ ሰው ምቹ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር ላንሣ። ኖርደን በተሰናበተበት በ2006፣ በግንቦት ወር፣ የኮንጎ ብራዛቪል ተወላጅ የሆነው ጋይ ጎማ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ወደ ቢቢሲ ሄደ። እንግዳ መቀበያው ክፍል ተቀምጦ ሳለ፣ የቴክኖሎጂ ጋዜጠኛው ጋይ ኪውኒ ነው ተብሎ በስም መመሳሰል ወደ ስቱዲዮ ተወሰደና ስለ አፕል ኩባንያ ክርክር በቀጥታ ሥርጭት ተጠየቀ። ማን ተብሎ እንደቀረበ ሲሰማ ፊቱ ላይ የታየው ድንጋጤ ዓለምን አሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ግን ልብ በሉ፤ የተሳሳተው እርሱ አልነበረም። የተሳሳተው ግዙፉ ተቋም ሲሆን፣ ሥራ ፈላጊው አፍሪካዊ በባዕድ ቋንቋ፣ ሳይዘጋጅ፣ በጨዋነት መልስ ሰጥቶ ወጣ። የሚታወሰው ግን የእርሱ ፊት ነው። የሚፈልገውን ሥራም አላገኘም። ስህተቱ የማን እንደሆነና ሳቁ በማን ላይ እንዳረፈ መለየት የፖለቲካ ጥያቄ የሚሆነው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ታዲያ ናፍቆቴ ከንቱ ነው? አይመስለኝም። ዩቲዩብ በ2005 ከተከፈተ ወዲህ የግድፈት ቁራጭ ለመልቀቅ የወረቀት ሰሌዳ የያዘ አቅራቢ አያስፈልግም። የተናጋሪው ቃል ከፊትና ከኋላው ተቆርጦ፣ ስሙ ካልታወቀ ሰው እጅ ወጥቶ፣ በአንድ ጀንበር በሚሊዮን ስልኮች ላይ ይደርሳል። በእኛም ዘንድ በአማርኛ መንደር የምናየው ይኸው ነው። የባለሥልጣን አንዲት የተዛነፈች ቃል ሳምንት ሙሉ ታስቀናለች፤ የፈረመው ውሳኔ ግን አንባቢ ያጣል። ዘዬው ከእኛ የተለየ ጋዜጠኛ ፊደል ቢስት የብሔሩ ስድብ ይከተለዋል። ይህ የኖርደን ሳቅ አይደለም። ኖርደን ሰውየው ነገ ወደ ሥራው እንዲመለስ ይስቃል፤ የእኛ ሳቅ እንዳይመለስ ነው።

ስለዚህ ከዚያ ዘመን ልንወስደው የሚገባን አንድ ነገር፣ ልንጨምርበት የሚገባንም አንድ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። የምንወስደው ለአፍ ወለምታ ይቅር ባይ መሆንን ነው። ዜና አንባቢያችን ይሳሳት፣ ሚኒስትራችን ቃል ይደነቃቀፍበት፤ ስቀን እንለፈው። የምንጨምረው ደግሞ ለእጅና ለኅሊና በደል ይቅርታን አለማርከስ ነው። ብሪታንያውያን ዘግይተውም ቢሆን ሁለተኛውን መሳቢያ የከፈቱት በሳቅ አልነበረም፤ በተፎካካሪ ጋዜጠኛ፣ በገለልተኛ ዳኛ፣ በፍርድ ቤት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለዓመታት ሰሚ አጥተው በቆዩ ተበዳዮች ምስክርነት ነበር።

ዴኒስ ኖርደን በመስከረም 2018፣ በ96 ዓመቱ ዐረፈ። ዛሬም እነዚያን ቁራጮች ሳገኛቸው አያለሁ፤ ዛሬም ያስቁኛል። አንድ ተቋም በገዛ ስህተቱ አብሬው እንድስቅ ሲጋብዘኝ ግን፣ ግብዣውን ተቀብዬ ስቄ ስጨርስ፣ ያላሳየኝ መሳቢያ የት እንዳለ መጠየቄን አልተውም።

ቸር ይግጠመን።