ሐመሩ ሐ በማን አፍ ይኖራል?

ዳባት ሕፃናት ሳለን ፊደል የቆጠርነው «ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ» እያልን ነው። ሦስቱም በአፋችን አንድ ስለሆኑ «ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል?» እንል ነበር። ሩሲያ እንኳ በ1918 እ.ኤ.አ. ድምፃቸው የተደጋገመ ፊደሎችን ቀንሳለች።

ለማስተማር ልምምድ ሁለት ሆነን ደባርቅ ስንመደብ፣ አራተኛ ክፍል ውስጥ ከሊማሊሞ ቁልቁለት ማዶ የመጣ አንድ ልጅ አገኘን። ቤቱ የሚነገረው ትግርኛ ነው። «ሐምሌ» ብሎ ሲያነብ ሐን ከጉሮሮው አወጣት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኛም ዝም ማሰኘት ሲገባን አብረን ፈገግ አልንና «አስተካክለህ አንብብ እንጂ!» አልነው። ከዚያ ወዲያ ልጁ እጁን አላወጣም።

በሳምንቱ የቃል ጽሕፈት ሰጠን፦ ሐምሌ፣ ሐሳብ፣ ሀገር፣ ሀብት። መልሱን ሰሌዳ ላይ የጻፍነው «ሀሳብ» ብለን ነበርና የልጁን «ሐሳብ» በቀይ ሰረዝነው። ነገሩ ግን ከነከነን። ቅዳሜ ዳባት ወርደን፣ ቅኔ ቤት የዋሉትን የአንዳችንን አጎት ጠየቅን። አጎታችንም በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ገለጡና «ሐሰበ በሐመሩ ነው፤ ልጁ ልክ ነው» አሉን። ቀጠሉና «መሀረ በሃሌታው አስተማረ ነው፤ መሐረ በሐመሩ ይቅር አለ ነው። ለአስተማሪ ሁለቱም ያሻዋል» አሉ።

ሰኞ ልጁን በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው። «እንዴት ለየኸው?» ብንለው፣ «ጋሼ፣ እናቴ ስትለው ይለያል እኮ» አለን። እኛ የምንሸመድደውን እሱ በጆሮው ይሰማዋል ማለት ነው! እርግጥ ሠን ከሰ፣ ኀንም ከሐ ትግርኛም አይለይም፤ እነሱን ከግዕዙ ሥር መፈለግ ነው።

ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ፣ ሊቃውንት ይከራከሩበት። እኛ ግን በእነሱ ሰበብ የልጅ ነጥብ ላለመቀነስ ተስማምተናል።

ልምምዱ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ልጁ እጁን አወጣና አነበበ። ማንም አልሳቀም። ሐን ግን እንደኛ አድርጎ አላት። እስካሁን የሚቆጨን ይኸው ነው።

ለልምምድ የምትወጡ ጓደኞቻችን፣ ቀዩን እስክሪብቶ ከማንሳታችሁ በፊት እባካችሁ ልጁን አዳምጡት።