ቢጫዋ ቁጥር

ሴኡል ስትደርሱ የኢሚግሬሽኑ ሰው ፓስፖርታችሁን አይቶ ያሳልፋችኋል። ከተማዋ ግን ገና አላስገባቻችሁም። ዋናው በር ስልክ ላይ ነው፤ ካካኦቶክ ይባላል። እኛ ለጓደኛ ቴሌግራም፣ ዓረብ አገር ላለች እህት ኢሞ፣ አሜሪካ ላለ አጎት ዋትስአፕ ብለን የከፋፈልነውን ሥራ ኮሪያውያን ጠቅልለው ለዚህ ለአንድ ቢጫ መተግበሪያ ሰጥተውታል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታትም የፈረንጅ ናቸው)፤ ሰዉ ግን ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው ነው የሚመስለው። ገበያ ላይ ጎመን የምትሸጠው አሮጊት ሳትቀር ደንበኛ ሲጠፋ በሁለት አውራ ጣቶቿ ትጽፍበታለች። ደግሞ አጻጻፏ! የኛ አገር የባንክ ጸሐፊ አይደርስባትም።

እኔን ግን የማረከችኝ አንዲት ትንሽ ቁጥር ናት። መልእክት ስትልኩ ከጎኑ ቢጫ «1» ብቅ ትላለች። የላካችሁለት ሰው ሲከፍተው ትጠፋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። «ታዲያ ቴሌግራምስ ሁለት ራይት አለው አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። ቆይ፣ ጉዱ ያለው ቡድን ውስጥ ነው። ሃያ ሰው ባለበት ቡድን አንድ ነገር ብትጽፉ ቁጥሯ ከ19 ትነሳና ሰው ባነበበ ቁጥር 18፣ 17፣ 16 እያለች ቁልቁል ትወርዳለች። ሁሉም ዓይኑን እሷ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ ታዲያ «1» ላይ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ማነው ያላነበበው? ቁጥሯ ስም አትናገርም። ሃያ ሰው እርስ በርሱ ይጠረጣጠራል። የኛ ዕድር ጸሐፊ ይቺን ቁጥር ቢያገኝ ኖሮ የቅጣት መዝገቡ በአንድ ወር ይሞላ ነበር።

አንብቦ መልስ አለመስጠት እዚያ ከባድ ነገር ነው። የኛም ልጆች «ሲን አድርጎ ዘጋኝ» ብለው ያኮርፋሉ፤ የኮሪያዎቹ ኩርፊያ ግን ሥርዓት ወጥቶለታል፣ ዘዴም ተበጅቶለታል። አንዳንዱ ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጎ መልእክቱን ያነብና ቁጥሯ ሳታውቅበት ውልቅ ይላል። አውሮፕላን ማረፊያ ሳይደርስ በቀን አሥር ጊዜ የሚበር ሰው ያየሁት እዚያ ነው።

ይሉኝታ የሐበሻ ብቻ ሀብት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ሴኡልን ይጎብኝ። እኛ ይሉኝታን በሆዳችን እንይዘዋለን፤ እነሱ ቁጥር ሰጥተው ስክሪን ላይ ሰቅለውታል።

ከቡድን መውጣትን ብቻ ተመልከቱ። ለብዙ ዓመታት አንድ ሰው ከካካኦቶክ ቡድን ሲወጣ «እገሌ ወጥተዋል» የሚል ማስታወቂያ ለሁሉም ይታይ ነበር። ማን ደፍሮ ይወጣል? የአሥረኛ ክፍል ጓደኞች ቡድን፣ የቀድሞ መሥሪያ ቤት ቡድን፣ የአክስት ልጆች ቡድን፣ ሁሉም እንደታቀፈ ይኖራል። ነገሩ ከሰዉ ጉሮሮ አልፎ ፓርላማ ደረሰ፤ በ2023 መጀመሪያ ሰው ከቡድን ድምፅ ሳያሰማ የሚወጣበት መንገድ በሕግ እንዲደነገግ ረቂቅ ቀረበ። እስቲ አስቡት፣ ከቴሌግራም ቡድን ስለመውጣት የሚወያይ ምክር ቤት! በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የመተግበሪያው ባለቤት ካካኦ ራሱ «በጸጥታ መውጫ» የምትል ምርጫ ጨመረና ሕዝቡ እፎይ አለ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ምርጫ ቢመጣ እንኳ የሚጠቅመን አይመስለኝም። የቤተሰቡ ቡድን አስተዳዳሪ እትዬ ከሆኑ በጸጥታ ብትወጡም በጩኸት መልሰው ያስገቧችኋል።

የመሥሪያ ቤት ቡድን ደግሞ ራሱን የቻለ ትርዒት ነው። አለቃ «ነገ ስብሰባው ሦስት ሰዓት ነው» ብሎ ይጽፋል። ከሥሩ «እሺ፣ ተረድቻለሁ»፣ «እሺ፣ ተረድቻለሁ»፣ «እሺ፣ ተረድቻለሁ» እየተባለ እስከ ታች ይሰለፋል። ቅደም ተከተሉን አይቶ ማን ሲኒየር፣ ማን አዲስ ተቀጣሪ እንደሆነ የሚለይ ሰው አለ ይሉኛል። ሳቅም እንደዚያው ይመዘናል። ኮሪያውያን በጽሑፍ ሲስቁ «ክ»ን ነው የሚደረድሩት፤ ልክ እንደኛ «ክክክክ»! ይህን ባየሁ ጊዜ የጠፋ ወንድም ያገኘሁ መሰለኝ። ልዩነቱ እነሱ «ክ»ዋን ይቆጥራሉ። አንድ «ክ» ብቻ ከሆነች ንቀት አለባት፣ ሁለት ከሆኑ ለአፍ ያህል ነው፣ ከአራት በላይ ሲሆን እውነትም አስቆታል ማለት ነው። እኔ ጣቴ ላይ እንደመጣልኝ የምለቅ ሰው፣ እዚያ ሳለሁ ሳቅ ስጽፍ እንኳ ስሌት ያዝኩ።

ስለ አንበሳቸው ላውራችሁ። ካካኦ ሰው በቃል የማይለውን የሚልበት የሥዕል ገጸ ባሕርያት አሉት፤ ከሁሉ የታወቀው ራየን ይባላል። አንበሳ ነው። ጎፈር ግን የለውም! ድብ ነው ብለው የሚሳሳቱት ብዙ ናቸው። ለገሃር ፊት ለፊት የቆመውን የኛን ጎፈራም አንበሳ እያየ ላደገ ሰው ይህ ትንሽ ይከብዳል። ይሁን እንጂ በ2016 ከመጣ ወዲህ ያለ ጎፈሩ ብዙ ገንዘብ ስላስገባ ሰዉ በቀልድ የኩባንያ ዳይሬክተርነት ማዕረግ ሰጥቶታል። በትራስ፣ በጥርስ ብሩሽ፣ በባንክ ካርድ ላይ ሳይቀር ታገኙታላችሁ።

ሙክባንግን ሳላነሣ ባልፍ ሆዴ አይወድም። ሙክባንግ ማለት የመብላት ሥርጭት ነው። አንድ ሰው ካሜራ ፊት ይቀመጣል፣ ከፊቱ ለአምስት ሰው የሚበቃ ምግብ ይደረደራል፣ እሱ ይበላል፣ ሕዝብ ያያል። ሌላ ምንም የለም። የኛም ልጆች ዛሬ ክትፎና ዶሮ ወጥ ይዘው በዩቲዩብ እንደሚቀርቡ አውቃለሁ፤ ምንጩ ግን ኮሪያ ነው፣ የጀመረውም ከዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት በፊት ነው። እኔን ያስደነቀኝ የሆዳቸው ስፋት አይደለም። ድፍረታቸው ነው! እኛ አገር ምግብ ከዓይን ይሸሸጋል። መንገድ ላይ የሚበላ ልጅ ይቆጡታል፣ እንግዳ ዓይን ሲያርፍበት የሚጎርሰው ሰው ፊቱን ያዞራል፣ መሶብም ክዳን የተበጀለት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያ አንዲት ቀጭን ልጅ ጤና አዳም እንኳ በአጠገቧ ሳታኖር ለማታውቀው ብዙ ሺሕ ዓይን አፏን ከፍታ ትጎርሳለች። ቡዳ ኢንተርኔት ከገባ ይቺ ልጅ አለቀላት ብዬ በጭንቅ አየኋት። በማግሥቱ ከነጤናዋ መጥታ የተጠበሰ ዶሮ በላች።

ሌላው እንቆቅልሽ ጋባዥ አለመኖሩ ነው። እኛ በር ላይ ሰው ከታየ «እንብላ!» ነው፤ የመጣውም «ይባረክ» ይላል። እሷ ለብቻዋ ትበላለች፣ ተመልካቹም ለብቻው በየክፍሉ ራመን (ፓስታ መሳይ የሾርባ ምግብ) ይዞ ያያታል። ሴኡል ውስጥ ለብቻው የሚኖር ሰው ብዙ ነው፤ ስክሪኑን ከሳህኑ ፊት ደግፎ ሲበላ የማዕድ ጓደኛ ያገኘ ይመስለዋል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ተረታችን እዚያ መልስ ተገኝቶለታል ማለት ነው፤ መልሱ ዋይፋይ ነው።

ይህ ሥርጭት የተስፋፋበት ድረ ገጽ ስሙ አፍሪካ ቲቪ ነበር። ስሙን ስሰማ ደረቴ ትንሽ ተነፍቶ ነበር፤ ኋላ ሲያስረዱኝ ከአህጉራችን ጋር ዝምድና የለውም፣ «ማንም በነጻ ያሰራጫል» የሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ሲቆረጥ እንዲያ ሆኖ ነው። በ2024 እሱንም ትተው ሱፕ አሉት። ተመልካች ለሚወደው አሰራጭ በገንዘብ የሚገዛ «የኮከብ ፊኛ» ይልክለት የጀመረው እዚያ ነው፣ በ2007። የኛ ቲክቶከሮች «ታፕ ታፕ አድርጉ! አንበሳ ላኩ!» እያሉ ሌሊት ሲጮሁ አዲስ ነገር ያመጡ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ይወቅ።

አሁን ወደ ሠርግና ወደ ለቅሶ። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ነው የምሄደው፣ ምክንያቱም የሰዉ ማንነት የሚታየው እዚህ ነው። የሠርግ ጥሪ በካካኦቶክ ይመጣል። ስትከፍቱት ሙዚቃ፣ ቬሎ ያለበት ፎቶ፣ የአዳራሹ ካርታ፣ ሁሉም ያምራል። ወደ ታች ስትወርዱ «የሙሽራው ወገን»፣ «የሙሽሪት ወገን» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች አሉ። ሲነኩ ይከፈታሉ። ውስጡ ምን አለ? የሙሽራው የባንክ ቁጥር፣ የአባቱ የባንክ ቁጥር፣ የእናቱ የባንክ ቁጥር! በየጎናቸውም «ቅዳ» የምትል ቁልፍ አለች፣ እንግዳ ቁጥር ሲገለብጥ እንዳይሳሳት። የሞት መርዶም እንደዚሁ ከነባንክ ቁጥሩ ይላካል። እኛ 1000 ብሎ የሚጀምረውን የንግድ ባንክ ቁጥር በማኅበራዊ ሚዲያ የምናየው ለታመመ ሰው እርዳታ ሲጠየቅ ነው፤ ሠርግ ላይ ያንን ቁጥር የሚለጥፍ ሙሽራ ስሙ የት ይደርስ ነበር?

ግን አትቸኩሉ። ሥርዓቱን ቀረብ ብላችሁ ስታዩት የኛው ደብተር ነው። ለሠርግም ለለቅሶም የሚሰጠው ገንዘብ ጎዶሎ ቁጥር ቢሆን ይመረጣል፤ 30 ሺሕ፣ 50 ሺሕ፣ 70 ሺሕ ዎን። 100 ሺሕ ግን ይፈቀዳል። ማን ስንት እንደሰጠ ይመዘገባል፣ ብድሩም በእሱ ልጅ ሠርግ ይመለሳል። እኛስ ድንኳን ሥር ጠረጴዛ ይዘው፣ ደብተር ዘርግተው የሚቀመጡትን ሰውዬ ረሳናቸው? የኮሪያ ወጣቶች ደግሞ «ለማልቀርበው የሥራ ባልደረባዬ ስንት ልስጥ?» እያሉ በኢንተርኔት ላይ ይጨቃጨቃሉ። ሠርጉ ላይ በአካል ከሄድክና ከበላህ እንዲህ፣ ካልሄድክ እንዲያ የሚል ያልተጻፈ ታሪፍ አለ። ለቅሶን በተመለከተ ግን ቃሌን አልለውጥም። ገንዘብ ላኩ፣ ደግ ነው፤ ለቅሶ ግን ሄደው ተቀምጠው፣ ንፍሮ ቆርጥመው ነው። ደግነቱ እነሱም ይሄዳሉ። የለቅሶ አዳራሹ ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ ነው፣ ጥቁር ለብሰው ይሰግዳሉ፣ ትኩስ ሾርባም ይበላሉ።

ፎቶ ስታነሡ ተጠንቀቁ። እዚያ አገር የተሸጠ ስልክ ድምፁን ብታጠፉትም ካሜራው «ቻክ!» ይላል። ሰው ሳያውቅ ሌላውን በስውር እንዳያነሣ በ2004 የኢንዱስትሪው መመዘኛ ሆኖ የገባ ነው። ጸጥ ያለ ካፌ ውስጥ ኬኩ ሲመጣ ከየጠረጴዛው ቻክ፣ ቻክ፣ ቻክ። ኬክ ሳይሆን ሚኒስትር የገባ ይመስላል።

ጭውውቱም፣ የሠርግ ጥሪውም፣ መርዶውም በአንድ በካካኦ ሣጥን ውስጥ መሆኑ ጣጣ አለው። ጥቅምት 15 ቀን 2022 ከሴኡል በስተደቡብ ፓንግዮ የሚገኝ የመረጃ ማዕከል ተቃጠለና ካካኦ ቀጥ አለ። መልእክቱ ብቻ አይደለም፤ በዚያው በካካኦ የሚሠራው ታክሲ፣ ክፍያና ካርታ አብሮ ቆመ። ሁሉም ተጠግኖ እስኪያበቃ ከ127 ሰዓት በላይ ፈጀ፣ ከዋና ሥራ አስፈጻሚዎቹም አንዱ ሥልጣን ለቀቀ። በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተዘግቶብን የኖርን ሰዎች ምክር ቢጠይቁን ብዙ የምንላቸው ነበረን።

በመጨረሻ ቹንቾን የምትባለውን ከተማ ሳላሳያችሁ አልለቃችሁም። እዚያ ወንዝ ዳር «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ካፌ አለ፤ ከ1968 ጀምሮ ቡና ያፈላል። በዚያው ዓመት ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መጥተው በኮሪያ ጦርነት የተዋጉትን የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ሐውልት መርቀዋል። የከተማው ወጣቶች ዛሬ የሚመጡት በአብዛኛው ለፎቶ ነው፤ ስኒውን ወደ ወንዙ አዙረው፣ ቻክ! ከስሙ ሥር ቆመው፣ ቻክ! ቅር ብሎኝ ነበር፤ ግን ከመካከላቸው አንዷ ከየት እንደመጣሁ ጠይቃኝ ስነግራት ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ፣ አያቷ ስለ ኢትዮጵያ ወታደሮች ይነግሯት እንደነበርም አጫወተችኝ። ቀጥሎ ፎቶ እንነሣ አለች። እምቢ የሚባል አልነበረም።

ከሴኡል ዮንግሳን ጣቢያ የሚነሣው ባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ቢፈጅበት ነው። የምትሄዱ ከሆነ ከካፌው አጠገብ ያለውን የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ ሙዚየም አስቀድማችሁ እዩ፤ ጣሪያው የጎጆ ቤት ቅርጽ ስላለው አትስቱትም። ቡናው ይቆያችኋል።