የ200 ሜትር ናፍቆት

እታለሜ፣ ያ ከቤትሽ ጀርባ ያለው የሜልበርን ሜዳስ እንዴት ነው? ለቡ መብራት ኃይል ሜዳ የለውም አሁን። እናታችን ለስፌት አክርማ የምትለቅምበት ጥቁር አፈር ሕንፃ ቆሞበታል፤ ወደ ፉሪ ዘልቀሽ ብታዪ ደግሞ የጅቡቲው ባቡር ጣቢያ ነው።

ያንቺ ሜዳ ግን ትንፋሽ አለው። ወርቃማዋ የፀሐይ የእሳት እራት፣ ሲኔሞን ፕላና፣ አለች በሥሩ። እዚህ ኅዳር ሲታጠን፣ እዚያ በጋው ሲቃረብ ትወጣለች።

ወይ ዕድሜ! ከዓመት እስከ ሦስት ዓመት ትል ሆና በጨለማ፣ የዋላቢ ሣር ሥር እየበላች። ፀሐይ የምታየው ከ1 እስከ 4 ቀን። አፍ የላትም፤ አትበላም፣ አትጠጣም፤ በትልነቷ ያጠራቀመችው ነው ስንቋ። ሴቷ እንደልብ አትበርም። እኩለ ቀን ሲግል በሣሩ መሐል መሬት ላይ ተቀምጣ ብርቱካናማ የኋላ ክንፏን ገልጣ ትጠብቃለች። ወንዱ ዝቅ ብሎ እየዞረ ይፈልጋታል። ከተገናኙ እንቁላሏን ሣሩ ግርጌ ጥላ ትሞታለች።

ካልተገናኙስ? ወንዱ ከሣሩ 100 ሜትር አይርቅም። በሁለት ሜዳ መሐል 200 ሜትር መንገድና ቤት ከገባ፣ ወዲህና ወዲያ ማዶ ያሉት ዘመዳሞች ተለያዩ ማለት ነው። 200 ሜትር፣ እታለሜ! ከደጃችን ታክሲ መያዣው እንኳ ይርቃል። እኔ አንቺን የነሣኝን ውቅያኖስ ስረግም፣ አክርማ አብረውን የለቀሙ ጎረቤቶች ሜዳው ሲቆረስ ተበትነው፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ ሆነው፣ አንዳቸውም ደጃችንን ሳይረግጡ ቀሩ።

ከደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ነባር የሣር ሜዳ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልተረፈም። የእሳት እራቷም በ2002 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት እጅግ የተቃረበች ተብላ ተመዘገበች፤ በ2021 ሌሎች መገኛዎቿ ስለታወቁ ስጋቱ ረገብ ያለ ደረጃ ተሰጣት። እኔን አላጽናናኝም። መገኛዋ ቢበዛም፣ እያንዳንዱ ቁራሽ ለብቻው ከሆነ ማን ማንን ያገኛል?

እታለሜ፣ ሰማዩ የጠራ፣ ነፋሱ ጋብ ያለ ቀን፣ ሥራ ከሌለሽ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሜዳው ሂጂልኝ። ሴቷ መሬት ላይ ናትና እያየሽ ርገጪ። ወንዱ ሲዞር ካየሽ ደውይልኝ። እዚህ ሌሊት አሥር ሰዓት ይሆናል፤ ግድ የለም፣ አነሣዋለሁ።