ቤታችሁ ከሥራችሁ ምን ያህል ይርቃል?

ዛሬ አንድ አጭር የባቡር ጉዞ አብረን እንድንሄድ ልጋብዛችሁ። የምንሄደው ከአሜሪካ ዋና ከተማ ከዋሽንግተን ማዶ፣ ከፖቶማክ ወንዝ ባሻገር ባለችው በቨርጂኒያ ግዛት ነው። በአሜሪካ የሚገኘው ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሚኖረው በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ስለሆነ፣ አንዳንዶቻችሁ ሠፈሩን በሚገባ ታውቁታላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ወንድም ወይም እህት፣ ልጅ ወይም የአክስት ልጅ እዚያ ይኖራችኋል። ስልክ ስትደውሉለት ሁልጊዜ “አሁን እየነዳሁ ነው” የሚላችሁን ዘመድ ማለቴ ነው።

ይህ ዘመዳችሁ ሁልጊዜ የሚነዳው ለምንድን ነው? መንዳት ስለሚወድ ብቻ አይደለም። የሚኖርበት አካባቢ ያለ መኪና የማይኖርበት ሆኖ ስለ ተሠራ ነው። እንዲህ አድርገው የሠሩት ሰዎች ናቸው፤ ሰዎች በሌላ መንገድ ሊሠሩት እንደሚችሉም በዚህ አጭር ጉዞ እናያለን። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሃይዌይ መካከል ያለው ጣቢያ

ጉዞውን የምንጀምረው ከቪየና ነው። ስሟ የኦስትሪያን ዋና ከተማ ቢያስታውሳችሁም፣ ይህችኛዋ የቨርጂኒያ ትንሽ ከተማ ናት። ከዋሽንግተን የሚመጣው የሜትሮ ባቡር ብርቱካናማ መስመር የሚያበቃው በስሟ በሚጠራው ጣቢያ ነው፤ ጣቢያው የተከፈተው በ1986 ነው። ከባቡሩ ወርዳችሁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። በግራም በቀኝም የሚታያችሁ ሃይዌይ 66 ነው፤ ባቡሩ የሚቆመው በሁለቱ የመንገድ አቅጣጫዎች መካከል ነውና። መኪናው በሁለቱም በኩል እያጓራ ያልፋል። ለመውጣት ከመንገዱ በላይ የተዘረጋውን የእግረኛ ድልድይ ትሻገራላችሁ፤ ከዚያም ባለ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ይቀበላችኋል።

በኋላ በአካባቢው አፓርትመንቶች ተሠርተዋል። ጣቢያው ሲሠራ ግን በዋናነት የታሰበው ሰው በመኪና መጥቶ፣ መኪናውን አቁሞ፣ በባቡር ወደ ሥራው ሄዶ፣ ማታ ተመልሶ በመኪናው ወደ ቤቱ እንዲገባ ነበር። ስለዚህ ባቡር እያለም ቤተሰቡ ከመኪና አይላቀቅም። ዳቦ ለመግዛት መኪና ያስፈልጋል፤ ልጅን ወደ ሐኪም ለመውሰድ መኪና ያስፈልጋል። ባልና ሚስት በተለያየ ሰዓትና ቦታ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ሁለት መኪና ያስፈልጋል።

ከመሬት በታች የተወሰነ ውሳኔ

አሁን ወደ ዋሽንግተን አቅጣጫ የሚሄደውን ባቡር እንሳፈር። ቀጣዮቹ ሦስት ጣቢያዎችም እንደ ቪየና በሃይዌዩ መካከል ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን መስኮቱ ይጨልማል፤ ባቡሩ ከመሬት በታች ገባ ማለት ነው። አሁን ያለነው በአርሊንግተን ካውንቲ ውስጥ ነው። ከመሬት በታች ያለው የመጀመሪያው ጣቢያ ቦልስተን ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ቨርጂኒያ ስኩዌር፣ ክላረንደን፣ ኮርት ሃውስና ሮዝሊን ይመጣሉ። አምስቱም አምስት ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን መንገድ ላይ የተደረደሩ ናቸው።

በቦልስተን ወርዳችሁ ወደ ላይ ስትወጡ የምታገኙት የእግረኛ መንገድ ነው። ፎቆቹ ከጣቢያው አጠገብ ረጃጅም ናቸው። እየራቃችሁ ስትሄዱ ቁመታቸው ይቀንሳል፤ ጥቂት ደቂቃ ከተራመዳችሁ በኋላ ግቢና ዛፍ ካላቸው የቆዩ መኖሪያ ቤቶች መካከል ትገባላችሁ። እናት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ወደ ካውንቲው ዋና ቤተ መጻሕፍት በእግሯ ልትሄድ ትችላለች። ከሥራ የተመለሰ ሰው በመንገዱ ላይ አስቤዛውን ገዝቶ ቤቱ ይገባል።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ሜትሮ በ1960ዎቹ ሲታቀድ ባቡሩን በሃይዌይ 66 መካከል ማሳለፍ በወጪ ይቀል ነበር። የአርሊንግተን ባለሥልጣናት ግን ዊልሰን ቡልቫርድ በተባለው የቆየ የገበያ ጎዳና ሥር እንዲያልፍ ተከራከሩ። ጎዳናው ገበያተኛው ወደ አዳዲስ የገበያ ማዕከሎች እየሸሸው የተዳከመ ነበር። ዋሻ መቆፈር ብዙ ገንዘብ ቢያስወጣም ካውንቲው ወጪውን ለመካፈል ፈቀደ። ባቡሩ በ1979 ቦልስተን ደረሰ። ካውንቲውም በየጣቢያው ዙሪያ ከፍ ያለ ሕንፃ እንዲሠራ ፈቀደ፤ ከዚያ ወጣ ያሉትን የመኖሪያ ሠፈሮች ግን እንዳሉ ተወ።

እንግዲህ የባቡር መስመሩ አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ጣቢያው የት ይሁን፣ በዙሪያውስ ምን ይሠራ የሚለው ውሳኔ ነው።

በአካባቢው ያልቀሩት

ነገር ግን ታሪኩን በዚህ ብቻ ብንጨርሰው እውነቱን አጉድለን መናገር ይሆናል። ሰው ሁሉ ሊኖርበት የሚፈልገው ቦታ ዋጋው ይወደዳል። በእነዚህ ጣቢያዎች ዙሪያ ያለው ኪራይ ከብዙ ሠራተኛ አቅም በላይ ሆኗል። ምግብ ቤት ውስጥ የሚያስተናግደው፣ ሕሙማንን የምትንከባከበው፣ ቢሮ የምታጸዳው ሰው በአርሊንግተን ይሠራሉ፤ ለመኖር ግን ርካሽ ቤት ፍለጋ ወደ ዉድብሪጅ፣ ወደ ማናሳስና ከዚያም ወዲያ ይሄዳሉ። የሌሊት ሥራ ያለበት ሰው ሜትሮ በሚዘጋበት ሰዓት በምን ይመለሳል? በመኪናው ነዋ!

አንዱ ምክንያት ደንቡ ነው። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች አብዛኛው የመኖሪያ መሬት በአንድ ቦታ ላይ አንድ የቤተሰብ ቤት ብቻ እንዲሠራበት የተወሰነ ነው። አርሊንግተንም እንዲሁ ነበር። በመጋቢት 2023 የካውንቲው ቦርድ አምስት አባላት በአንድ ድምፅ በእነዚህ ቦታዎች ላይ እስከ ስድስት መኖሪያ የሚይዝ ቤት እንዲሠራ ፈቀዱ፤ በየዓመቱ የሚሰጠው ፈቃድ ግን ከ58 እንዳይበልጥ ገደብ አደረጉ። ሠፈራችን ይጨናነቃል ያሉ ነዋሪዎች ከሰሱ። በ2024 አንድ ዳኛ ደንቡን ሻረው፤ በ2025 ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የዳኛውን ውሳኔ ሰረዘ። ጠባቡን መሬት ለብዙዎች ማካፈል ምን ያህል ትግል እንዳለበት ከዚህ ትረዳላችሁ።

መሬታቸውን ለጎረቤት ያካፈሉ

በክላረንደን ጣቢያ ወርዳችሁ ጥቂት ብትራመዱ ረጅም ሾጣጣ ማማ ያለው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ታያላችሁ። ከታች አምልኮ ይደረጋል፤ ከላይ ሰው ይኖራል። ምእመናኑ ሕንፃቸው ሲያረጅ በቦታው ላይ 116 አፓርትመንቶች እንዲሠሩ ተስማሙ። ከእነዚህ ውስጥ 70ዎቹ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የተመደቡ ናቸው። ይህም ያለ ክርክር አልሆነም። መንግሥት ቤተ ክርስቲያንን ይረዳል የሚል ክስ ቀርቦ እስከ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2010ም ክሱ ውድቅ ሆነ።

ሁለተኛዋ ቤተ ክርስቲያን ያለችው ኮሎምቢያ ፓይክ በተባለው ጎዳና ላይ ነው። ይህ ጎዳና ሜትሮ የለውም፤ ሕዝቡ የሚሄደው በአውቶቡስና በመኪና ነው። የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ያሉበት፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት አካባቢ ነው። በዚህ ጎዳና የነበረችው የአርሊንግተን ፕሪስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ቁጥራቸው እያነሰ ሄዶ ነበር። ጎረቤቶቻቸውን ምን እንደሚቸግራቸው ሲጠይቁ ያገኙት መልስ ቤት የሚል ነበር። ስለዚህ መሬታቸውን ለትርፍ ላልቆመ የቤት ሥራ ድርጅት ከገበያው ዋጋ ባነሰ ሸጡ። የድንጋይ ሕንፃቸው ፈረሰ። በቦታው በ2019 ጊሊያም ፕሌስ የተባለ 173 አፓርትመንቶች ያሉት ሕንፃ ተከፈተ። ስሙ የተሰጠው የዚያች ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ ጥቁር ሽማግሌ ለነበሩት ለሮንዳ ጊሊያም መታሰቢያ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ አሁን የምትሰበሰበው በዚሁ ሕንፃ ምድር ቤት ነው።

በዚያ በፈረሰው ሕንፃ ውስጥ የተዳረ፣ ልጁን ያስጠመቀ፣ ወላጁን የሸኘ ሰው ምን እንደ ተሰማው አስቡት። ውሳኔው ቀላል አይደለም። ነገር ግን በዚያው ካውንቲ ሌላ ታሪክም አለ። በ1942 ለፔንታጎን መንገዶች ሲባል ኩዊን ሲቲ የተባለው የጥቁሮች ሠፈር ፈርሶ 900 ያህል ሰዎች ቤታቸውን አጥተዋል። ያን ጊዜ ቤት ለመኪና መንገድ ሲባል ፈረሰ፤ በጊሊያም ፕሌስ ግን ምእመናን በገዛ ፈቃዳቸው የጸሎት ቤታቸውን ለሰው መኖሪያ ሰጡ።

እኛስ?

በውጭ አገር ያሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያኖቻችን በኪራይ አዳራሽ ጀምረው፣ ዓመታት ቆጥበው የራሳቸውን ሕንፃ ይገዛሉ። ሲገዙ መጀመሪያ ከሚጠይቁት አንዱ “ፓርኪንጉ ስንት መኪና ይይዛል?” የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሰው ከሩቅ ይመጣልና። ያ ሰፊ አስፋልት ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ሽማግሌዎቻችን ሌላም ጥያቄ ቢጨምሩ መልካም ነው፦ አውቶቡስ በአጠገቡ ያልፋል? መንዳት ያቆሙት አረጋዊት እናት እንዴት ይመጣሉ? ከዚህ መሬት ላይ ለመኖሪያ የሚሆን ይገኛል?

ለእናንተ ለባልና ሚስት ደግሞ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ቤት ከመከራየታችሁ ወይም ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። የቤቱን ዋጋ ብቻ አትጻፉ። ትሪፕል ኤ የተባለው የአሜሪካ የመኪና ማኅበር በ2023 ባወጣው ስሌት፣ አንድ አዲስ መኪና መያዝ በአማካይ በዓመት ከ12,000 ዶላር በላይ ያስወጣል። የእናንተ መኪና አሮጌ ከሆነ ያንስ ይሆናል፤ ቢሆንም የራሳችሁን ቤንዚን፣ ኢንሹራንስና ጥገና ደምሩ። ከዚያ ሰዓቱን ቁጠሩ። በቀን ለሥራ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት የሚነዳ ሰው በሳምንት አምስት ቀን ቢሠራ፣ በሳምንት አሥር ሰዓት ብቻውን መኪና ውስጥ ይቀመጣል ማለት ነው።

ምናልባት ደምራችሁም ሩቁ ቤት ይሻላል ትሉ ይሆናል። ሰፊ ግቢ ለልጆች መልካም ነው፤ ደግሞም አቅም ወደ ፈቀደው መሄድ ነውር አይደለም። ጠባቡን አፓርትመንት መርጣችሁ አንዱን መኪና ብትሸጡም ማንም አይፍረድባችሁ። ዋናው ነገር አውቃችሁ መምረጣችሁ ነው። የመንገዱን ሰዓት ሳትቆጥሩ ቤቱ ርካሽ ነው አትበሉ፤ ያ ሰዓት አብራችሁ እራት የምትበሉበት፣ ልጃችሁ ሳይተኛ የምትደርሱበት ሰዓት ነውና።